ሽጉጣችሁና ጥይታችሁ ለአጋዘን አደን ይፈቀዱ እንደሆነ እንዴት ታጣራላችሁ? (አሜሪካ ላላችሁ)

ኖቬምበር በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል። «.357 ሪቮልቨር አለኝ፤ አጋዘን ላድንበት እችላለሁ?» የሚል። (ሪቮልቨር ማለት ጥይቱ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚገባበት ሽጉጥ ነው።) አጭር መልስ የለውም። የት ስቴት? የትኛው ካውንቲ? አፈሙዙ ስንት ኢንች ነው? የጥይቱ ፓኬት ላይ ምን ተጽፏል?

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ለመጀመሪያ አደኑ ሲዘጋጅ ሁለት ፓኬት ጥይት ይዞ ቤቴ መጣ። ሽጉጡ ላይ «.357 ማግነም» ተብሎ ተቀርጿል። ፓኬቱ ላይ ደግሞ «.38 ስፔሻል» ይላል። ረከስ ስላለ ነው የገዛው። «ሻጩ ይገባል ብሎኛል» አለኝ። ልክ ነው፣ ይገባል። ይተኩሳልም። ነገር ግን ያንን ጥይት ይዞ ጫካ ቢገባ ሕግ ይጥስ ነበር። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታያላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስሙን አይቶ ይገዛል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ልኬት ነው።

(አጋዘን ስል ነጭ ጭራ ያለውን የአሜሪካ ዲር ማለቴ ነው፤ አገር ቤት የምናውቀውን ባለ ጥምዝ ቀንዱን አይደለም።)

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

- የምታድኑበት ስቴት የዘንድሮ የአደን ደንብ። በየስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ቨርጂኒያ ላይ የዱር እንስሳት ሀብት መምሪያ፣ ኢንዲያና እና ኦሃዮ ላይ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ያወጡታል። የአምናውን አትጠቀሙ፤ ደንቡ ይቀየራል። እዚህ የምጠቅሳቸውንም ቁጥሮች ከዘንድሮው ጋር አመሳክሩ።
- ሽጉጡ፣ ባዶውን።
- የጥይቱ ፓኬት። ጥይቱን ከፓኬቱ አውጥታችሁ በላስቲክ አትያዙ፤ መረጃው ያለው ካርቶኑ ላይ ነው።
- ሜትር፣ ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ከተገኘም ካሊፐር (ትንንሽ ነገር በትክክል የሚለካበት መሣሪያ)።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።

ማስጠንቀቂያ፦ ምንም ነገር ከመለካታችሁ በፊት ሽጉጡን አራግፉ። ካርታውን (ጥይት የሚደረደርበትን) አውጡ፤ ጥይት ማጉረሻውን በዓይናችሁ እዩ፤ በጣታችሁም ዳስሱ። ሪቮልቨር ከሆነ ሲሊንደሩን ከፍታችሁ ሁሉንም ቀዳዳ ቁጠሩ። ከዚያ ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ልጆች ቤት ካሉ በሩን ዝጉ።

## ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ራሳችሁን አጣሩ

ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ለእኛ ለስደተኞች ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ይህ ነው።

1. ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላችሁ ከሆነ፣ ሌላ የሚከለክላችሁ ነገር ከሌለ፣ የፌዴራል ሕጉ መሣሪያ ከመያዝ አያግዳችሁም።
2. በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባችሁ ከሆነ በመርሕ ደረጃ መሣሪያም ጥይትም መያዝ ክልክል ነው። ሕጉ ካስቀመጣቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የተሰጠ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው።
3. ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰው መሣሪያ ከያዘ የፌዴራል ወንጀል ነው። የጓደኛውን ሽጉጥ «ለአንድ ቀን» ቢይዝም ያው ነው።
4. የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ መሣሪያ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።
5. በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ቅጣቱ ቀላል ቢሆንም፣ ተከልክሏል።

ሽጉጥ ስትገዙ 4473 የሚባል የፌዴራል ቅጽ ትሞላላችሁ። ዜግነታችሁን ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ተቸግራችሁ በስህተት «የአሜሪካ ዜጋ» የሚለው ላይ ምልክት እንዳታደርጉ። ዜጋ ሳይሆኑ ነኝ ማለት ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ያልገባችሁ ጥያቄ ካለ ቅጹን ሳትፈርሙ ወደ ቤት ይዛችሁት ሂዱ፤ አስተርጉማችሁ ተመለሱ። ሻጩ ቢያጣድፋችሁም አትቸኩሉ።

ሌላም አለ። የተደበቀ ሽጉጥ መያዣ ፈቃድ ስላላችሁ ብቻ ማደን አትችሉም። የአደን ፈቃድ ለብቻው ይወጣል። ቨርጂኒያ ላይ ለአጋዘን ከመደበኛው የአደን ፈቃድ በተጨማሪ የአጋዘንና የተርኪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት የአደን ፈቃድ ኖሯችሁ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ የአዳኝነት ትምህርቱን ቀድማችሁ መውሰድ አለባችሁ።

## ደረጃ 2፦ ቦታውንና ወቅቱን ቁረጡ

ቦታ ሳትወስኑ ጥይት አትግዙ። ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ስቴት፣ ካውንቲ፣ ቀን፣ የመሬቱ ባለቤት።

ካውንቲ። ቨርጂኒያ ላይ ሽጉጥ ለአጋዘን የሚፈቀደው ጠመንጃን በሚመለከተው ገደብ ውስጥ ነው። ካውንቲው ጠመንጃን ለአጋዘን ከልክሎ ሾትገን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ሽጉጣችሁም እዚያ አይሠራም። የየካውንቲው ክልከላ ደንቡ ውስጥ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። የሁለት ካውንቲ ድንበር ላይ የምታድኑ ከሆነ ሁለቱንም አንብቡ።

ወቅት። የቀስት ወቅት አለ፤ በአፉ የሚጎረስ ጠመንጃ ወቅት አለ፤ አጠቃላይ የመሣሪያ ወቅት አለ። ዘመናዊ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ የሚፈቀደው በመጨረሻው ነው። ቨርጂኒያ ላይ ይህ ወቅት የሚከፈተው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ለጾመኛ ቤት ቀኑ ጠባብ ነው፤ ፍሪዘር ላይ ቦታ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

መሬት። የግል መሬት ከሆነ ከባለቤቱ ፈቃድ አግኙ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። «አትግቡ» የሚል ምልክት ከተለጠፈበት ደግሞ ቨርጂኒያ ላይ ጽሑፉ ግዴታ ነው። የመንግሥት መሬት ከሆነ የቦታውን የራሱን ደንብ ጭምር እዩ። ለምሳሌ ኢንዲያና ውስጥ በጦር ሠራዊት ይዞታዎች ላይ ሽጉጥ ለአጋዘን አይፈቀድም።

ከተበላሸ፦ ካውንቲው የትኛው እንደሆነ ግራ ከገባችሁ ስልካችሁ ላይ ያለውን ካርታ ብቻ አትመኑ። መሥሪያ ቤቱን በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱን አትማችሁ ያዙ።

## ደረጃ 3፦ ሽጉጡን ለኩ

1. አፈሙዝ። ሪቮልቨር ከሆነ ከሲሊንደሩ ፊት ጀምራችሁ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ለኩ። ሲሊንደሩን አትጨምሩ። ካርታ የሚገባበት ሽጉጥ ከሆነ ባዶ መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡና ዝጉት፤ ዘንጉን በአፈሙዙ በኩል እስኪቆም አስገቡ፤ ጫፉ ላይ ምልክት አድርጉና አውጥታችሁ ለኩ።
2. አሠራር። ሪቮልቨር ነው? አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው? ወይስ ራሱ የሚያጎርስ? ጻፉት።
3. ትከሻ ላይ የሚያርፍ ነገር አለው? ኢንዲያና ላይ ከትከሻ እንዲተኮስ የተሠራ መሣሪያ እንደ ሽጉጥ አይቆጠርም።

አሁን ከደንቡ ጋር አስተያዩ። ኢንዲያና ቢያንስ 4 ኢንች ይጠይቃል። ኦሃዮ 5 ኢንች። ባለ 4 ኢንች ሪቮልቨር በጣም የተለመደ ነው። ኢንዲያና ላይ ያልፋል፤ ድንበሩን ተሻግራችሁ ኦሃዮ ስትገቡ ይወድቃል። ኢሊኖይ ደግሞ ሪቮልቨርና ባለ አንድ ጥይት ሽጉጥ እንጂ ራሱ የሚያጎርሰውን ለአጋዘን አይፈቅድም።

ከተበላሸ፦ አፈሙዙ ካጠረ መፍትሔ የለውም። ተቀጥላ አስገጥማችሁ ለማስረዘም አትሞክሩ። ሌላ ሽጉጥ ፈልጉ ወይም ሌላ ስቴት።

## ደረጃ 4፦ ጥይቱን ለኩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጊዜ ስጡት።

ሀ. ቂጡን እዩ። ጥይቱን ገልብጡት። መሐሉ ላይ ክብ ማቀጣጠያ ካለው ሴንተርፋየር ነው። ቂጡ ልሙጥ ከሆነ፣ እንደ .22፣ ሪምፋየር ነው። ሪምፋየሩን መልሱት። ቴክሳስ በካሊበር ላይ ብዙ የማታጠብቅ ስቴት ናት፤ እሷ እንኳን ሪምፋየርን ለአጋዘን ትከለክላለች።

ለ. ስፋቱን እወቁ። የሚፈለገው ከቀለሁ የሚወጣው የእርሳሱ ስፋት ነው። ስሙ ሊያታልላችሁ ይችላል። የ.38 ስፔሻል እርሳስ .38 ሳይሆን .357 ኢንች ነው። የ.44 ማግነም .429 ነው። .357 ሲግ የሚባለው ደግሞ .357 አይደለም፤ .355 ነው፤ እንደ 9 ሚሊሜትሩ። ቨርጂኒያ .23 እና ከዚያ በላይ፣ ኢንዲያና .243 እና ከዚያ በላይ፣ ኦሃዮ .357 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ኦሃዮ ላይ 9 ሚሊሜትር በሁለት ሺሕኛ ኢንች ይወድቃል።

ሐ. የቀለሁን ቅርጽ እዩ። ኦሃዮ ቀጥ ያለ ቀለህ ብቻ ነው የምትቀበለው። ጥይቱን በቁሙ አስቀምጡትና በጎን እዩት። እንደ ጠርሙስ አንገት ጠበብ የሚል ትከሻ ካለው አይሆንም። .357 ሲግ እንዲህ ያለ አንገት አለው።

መ. የቀለሁን ርዝመት ለኩ። ኢንዲያና እርሳሱ ሳይቆጠር ቀለሁ ብቻውን ቢያንስ 1.16 ኢንች እንዲሆን ትጠይቃለች። ለመለካት ከተኩስ ልምምድ የተረፈ ባዶ ቀለህ ውሰዱ። የተኩስ ቦታ ወለል ላይ ሞልቷል፤ አስፈቅዳችሁ አንሡ። ከቂጡ እስከ አፉ በካሊፐር ያዙት።

ከወዳጄ ጋር ያደረግነው ይህንን ነበር። ሁለት ባዶ ቀለሆች የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቆምን። ስፋታቸው አንድ ነው። የ.357 ማግነሙ 1.29 ኢንች ነው። የ.38 ስፔሻሉ 1.155። ከ1.16 የሚያንሰው በአምስት ሺሕኛ ኢንች ነው፤ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። በዚህች ቅንጣት ምክንያት .38 ስፔሻል ኢንዲያና ላይ ክልክል ነው። ከ.357 ማግነም ሽጉጥ ቢተኮስም ክልክል ነው።

ሌሎቹንም በዚሁ መለኪያ እዩ፦

- .44 ማግነም እና .45 ኮልት፦ ሁለቱም 1.285። ያልፋሉ።
- 10 ሚሊሜትር አውቶ፦ 0.992። ይወድቃል።
- .45 ኤ-ሲ-ፒ፦ 0.898። ይወድቃል።
- .40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፦ 0.850። ይወድቃል።
- 9 ሚሊሜትር፦ 0.754። ይወድቃል።

.45 ኤ-ሲ-ፒ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ሰው «ይህማ ያልፋል» ይላል። ወፍራም መሆኑ አያድነውም።

ከተበላሸ፦ ልኬታችሁ ድንበሩ ላይ ከዋለና ካሊፐራችሁን ካላመናችሁት፣ ደንቡ ውስጥ የተፈቀዱና የተከለከሉ ጥይቶች በስም ተዘርዝረው እንደሆነ ፈልጉ። ስሙ ከሌለ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። መልስ እስክታገኙ በዚያ ጥይት አትውጡ።

## ደረጃ 5፦ ጉልበቱን አስሉ

ቨርጂኒያ ስለ ቀለህ ርዝመት አትጠይቅም። የምትጠይቀው ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለውን ጉልበት ነው፤ መለኪያው ፉት ፓውንድ ይባላል። በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ 350 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። «በአምራቹ ሠንጠረዥ» የሚለውን ልብ በሉ። በራሳችሁ መሣሪያ ለክታችሁ ያገኛችሁት ቁጥር ሠንጠረዡን አይተካም። ኢሊኖይ ደግሞ 500 ትጠይቃለች።

1. ፓኬቱ ላይ የእርሳሱን ክብደት በግሬን ፈልጉ። (7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ ነው።)
2. ፍጥነቱን በሰከንድ ስንት ፉት እንደሆነ ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ ከሌለ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አለ።
3. ጉልበቱ ራሱ ከተጻፈ እሱን ያዙ። ካልተጻፈ ፍጥነቱን በራሱ አባዙ፤ ያገኛችሁትን በክብደቱ አባዙ፤ ከዚያ ለ450,240 አካፍሉ። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

የወዳጄ .38 ስፔሻል 158 ግሬን፣ 755 ፉት በሰከንድ ይላል። ሲሰላ 200 ገደማ ነው። ለ350 አይደርስም። በዚያው ሽጉጥ የሚተኮስ .357 ማግነም፣ በዚያው 158 ግሬን፣ ግን በ1,235 ፉት ፍጥነት፣ 535 ይሰጣል። ቨርጂኒያ ላይም ያልፋል፤ የኢሊኖይንም ጉልበት ያሟላል። .44 ማግነም 240 ግሬን በ1,180 ፉት 742 ገደማ ነው።

አሁን የሚያስገርመውን እዩ። 9 ሚሊሜትር፣ 115 ግሬን፣ 1,145 ፉት፦ 335። ወደቀ። ሌላ ፓኬት፣ ያው 9 ሚሊሜትር፣ ያው 115 ግሬን፣ 1,180 ፉት፦ 356። አለፈ። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። «ጓደኛዬ በ9 ሚሊሜትር አድኗል» የሚል ወሬ ለእናንተ ፓኬት ምንም አይነግራችሁም።

ሕጉ ቢፈቅደውም እኔ 356 ፉት ፓውንድ ባለው ጥይት አጋዘን ላይ አልተኩስም፤ ለማንም አልመክርም። ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ ጉልበቱ በየሜትሩ ይቀንሳል። እንስሳው ወዲያው ሳይወድቅ ቆስሎ ይሮጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰቃይ ያድራል። .357 ማግነምን እንደ መነሻ ያዙ። የስኒ ሰሃን በሚያክል ዒላማ ላይ አምስቱንም ጥይት ማሳረፍ እስከምትችሉበት ርቀት ብቻ ተኩሱ።

ከተበላሸ፦ የአምራቹን ሠንጠረዥ ካጣችሁት ያንን ጥይት ለልምምድ አድርጉት። ቤት ውስጥ የተሞላ ጥይት የአምራች ሠንጠረዥ የለውም፤ ሰው በስጦታ ቢሰጣችሁም ለአደን አትያዙት።

## ደረጃ 6፦ የእርሳሱን ዓይነት እዩ

ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነ እርሳስ፣ ፓኬቱ ላይ «ኤፍ ኤም ጄ» የሚለው፣ ለዒላማ ልምምድ ነው። ሳይሰፋ በስቶ ያልፋል። ኢንዲያና ላይ ለአጋዘን ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ እና ሚኒሶታም የሚሰፋ ወይም ጫፉ ለስላሳ የሆነ እርሳስ ይጠይቃሉ። «ጄ ኤች ፒ» (ጫፉ ጎድጓዳ) ወይም «ሶፍት ፖይንት» የሚል ፓኬት ምረጡ።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ አለባችሁ። ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለማንኛውም የዱር እንስሳ አደን ሊድ (እርሳስ የሚባለው ማዕድን) ያለበት ጥይት ክልክል ነው። ፓኬቱ ላይ ከሊድ ነጻ መሆኑ መጻፍ አለበት።

## ደረጃ 7፦ መንገድ ላይ

1. ሽጉጡን አራግፉ።
2. በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ አድርጉና የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ (ትራንክ) ውስጥ ቆልፉ። ከሹፌሩ ጎን ከሚቀመጠው ተሳፋሪ ፊት ያለው መሳቢያ ቢቆለፍም አይቆጠርም።
3. ጥይቱን ለብቻው አስቀምጡ።

ስቴት ለምታቋርጡ የፌዴራሉ ሕግ የሚጠብቃችሁ እንዲህ ካደረጋችሁ፣ በመነሻውም በመድረሻውም ሽጉጡን መያዝ የተፈቀደላችሁ ከሆነም ብቻ ነው። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ በውድሮ ዊልሰን ድልድይ ስታልፉ ለአጭር ርቀት የዋሽንግተን ዲሲን ጫፍ ትነካላችሁ። ዲሲ ያልተመዘገበ ሽጉጥን አትታገስም። ስለዚህ ከአደን ስትመለሱ ሽጉጥ ጭናችሁ ምሳ ለመብላት ዲሲ አትግቡ። መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ምሳ።

## ደረጃ 8፦ ጫካ ውስጥ

- ያጣራችሁትን ጥይት ብቻ ያዙ። የልምምዱን ጥይት ኪሳችሁ ውስጥ አትተዉ። ከተገኘባችሁ ማስረዳት የእናንተ ጣጣ ነው።
- የአደኑን ብርቱካናማ ልብስ ልበሱ። ቨርጂኒያ ላይ ደማቅ ሮዝም ይፈቀዳል።
- ሰዓት ጠብቁ። ቨርጂኒያ ላይ ለአጋዘን የተፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት እስከ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።
- ኢንዲያና ላይ ሽጉጡን ልብስ ውስጥ አትደብቁ። በማኅደሩ ሆኖ ከልብስ ውጪ ይታይ።

የዱር እንስሳት ፖሊስ ቢመጣ፦ እጃችሁን ከሽጉጡ አርቁ። ሽጉጡ የት እንዳለ በቃል ንገሩት። እሱ ሳያዝዛችሁ አታውጡት፤ «ላሳይህ» ብላችሁም እንዳትዘረጉ። ፈቃዳችሁን፣ የመሬቱን ባለቤት ወረቀትና የጥይቱን ፓኬት ክዳን አንድ ላይ በላስቲክ አድርጋችሁ ያዙ።

የተሳሳተ ጥይት መያዛችሁን እዚያው ካወቃችሁ፦ ወዲያው አራግፉ፤ ወደ መኪና ተመለሱ። ያ ቀን ለአደን አበቃ።

በተሳሳተ ጥይት አጋዘን ከጣላችሁ፦ አትደብቁ፤ ጥሬ ሥጋውንም ጥላችሁ አትሂዱ። ከቦታው ሳትርቁ ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ደውሉ፤ የሆነውን በግልጽ ንገሩ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ቆስሎ የሰው መሬት ውስጥ ከገባ፦ አጥሩን አትሻገሩ። ሽጉጡን አራግፋችሁ ቆልፉና የባለቤቱን በር አንኳኩ። ፈቃድ ከሰጣችሁ ግቡ። ከከለከላችሁ ለዱር እንስሳት ፖሊሱ ደውሉና የደም ዱካው የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ እዚያው ጠብቁ።